ጣፋጭ ሙስካት ስትመርጡ፦ ለየትኛው ምግብ የትኛው ጠርሙስ?

ሙስካት ሲባል ብዙ ሰው አንድ መጠጥ ይመስለዋል። ጣፋጭ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ከኬክ ጋር የሚቀርብ። መደርደሪያው ፊት ስትቆሙ ግን አንዱ ጠርሙስ ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ ሌላው ወርቃማ፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ ጥቁር ቡናማ። ሁሉም ሙስካት ናቸው፤ ማለትም ሙስካት ከሚባል የወይን ፍሬ የተሠሩና አረቄ የተጨመረባቸው ወይኖች። ሁሉም ጣፋጭ ናቸው። ከአንድ ዓይነት ምግብ ጋር ካቀረባችኋቸው ግን አንዱ ቢሳካ ሌሎቹ ይበላሻሉ።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። በአገር ስም ወይም በጠርሙሱ ውበት አትምረጡ። መጀመሪያ ሳህኑ ላይ ምን እንዳለ እዩ፣ ከዚያ የወይኑን ቀለም እዩ። ፈዛዛው ወጣት ነው፤ የአበባና የትኩስ ፍራፍሬ ሽታ አለው፤ የሚስማማውም ከፍራፍሬ ጋር ነው። ወርቃማው ትንሽ ሰንብቷል ወይም ከልጣጩ ጋር ቆይቷል፤ ብርቱካን፣ ማርና ለውዝ ለውዝ ይላል። ቡናማው በርሜል ውስጥ ለዓመታት ያረጀ ነው፤ ዘቢብ፣ ካራሜልና ቡና ይሸታል፤ ቸኮሌትን የሚችለው እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

አረቄው ለምን ይጨመራል?

ወይን ሲጠመቅ እርሾው የፍሬውን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይቀይረዋል። ዝም ብለው ከተዉት ስኳሩን ይጨርሰዋል፤ ወይኑም ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ይሆናል። ጣፋጭነቱ እንዲቀር የፈለገ ጠማቂ እርሾውን መሀል ላይ ማስቆም አለበት። ስለዚህ ገና ብዙ ስኳር እያለ ከወይን የተጣራ ጠንካራ አረቄ ይጨምርበታል። እርሾው በዚያ አልኮል ውስጥ መሥራት አይችልም። የፍሬው ስኳርና ሽታ እንዳለ ይቀራል።

ፈረንሳዮች ይህን ወይን "ቫን ዱ ናቱሬል" ይሉታል። የሚጨምሩት አረቄ ቢያንስ 95 በመቶ አልኮል ያለው ነው፤ መጠኑም ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። የመጨረሻው ወይን 15 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል። ዘዴውን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሞንፔሊዬ ያስተምር የነበረው ሐኪም አርኖ ደ ቪልነቭ እንዳስተዋወቀው ይነገራል።

አሁን ስለ ፍሬው። ለዚህ ሥራ ሁለት የሙስካት ዘሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ፍሬው ትንንሽ የሆነው፣ "ሙስካት ብላን አ ፕቲ ግራን" የሚባለው ነው። ሽታው ረቂቅ ነው። ሁለተኛው የእስክንድርያ ሙስካት ነው። ፍሬው ትልልቅ፣ ሙቀት የሚወድ፣ ጣዕሙም ወደ ብርቱካንና ዘቢብ የሚያደላ ነው። ሁለቱም መጥፎ አይደሉም። ሽታ የምትወዱ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ፈልጉ።

የሙስካት ሽታ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለምግብ ምርጫ በጣም ይጠቅማል። ዋናዎቹ ሊናሎልና ጌራኒዮል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ጌራኒዮል ጽጌረዳ ውስጥ አለ። ሊናሎል ደግሞ ድንብላል ውስጥ በብዛት፣ በሶብላ ውስጥም ይገኛል። ማለትም የእኛ ቤት ቅመማ ቅመም መደርደሪያ ላይ የሙስካት ዘመድ አለ። በጽጌረዳ ውሃ የተሠራ ሽሮፕ፣ በሶብላ ጣል የተደረገበት የፍራፍሬ ሰላጣ፣ ትንሽ ድንብላል የገባበት ብስኩት ከሙስካት ጋር ሳይጣሉ የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ሕግ

ወይኑ ከምግቡ ይበልጥ መጣፈጥ አለበት። ምግቡ ከበለጠ ወይኑ ባዶና ኮምጣጣ ሆኖ አፍ ውስጥ ይቀራል። ጥሩ ጠርሙስ በዚህ ምክንያት "አይረባም" ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የወይኑ አልነበረም፤ ከጎኑ የቀረበው ኬክ ሦስት እጥፍ ስኳር ነበረበት።

እዚህ ላይ ቁጥር ይረዳል። አብዛኞቹ የፈረንሳይ ሙስካቶች በሊትር ቢያንስ 100 ግራም ስኳር አላቸው። ይህ ከኮካ ኮላ ጋር ተቀራራቢ ነው። የአውስትራሊያዎቹ አሮጌ ሙስካቶች ግን በሊትር ከ270 እስከ 400 ግራም ይደርሳሉ። ሁለቱ አንድ ስም ስላላቸው ብቻ አንድ ሳህን ላይ ሊቀርቡ አይችሉም።

ፈዛዛዎቹ፦ ቦም ደ ቨኒዝና ጎረቤቶቹ

ከፈረንሳይ ሙስካቶች ስሙ በውጭ አገር በደንብ የሚታወቀው ሙስካት ደ ቦም ደ ቨኒዝ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በሮን ሸለቆ፣ ቮክሉዝ በሚባለው አውራጃ ይሠራል። ሕጋዊ የአመራረት ደረጃውን ያገኘው በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። የሚሠራው ከትንንሽ ፍሬው ዘር ብቻ ነው። አልኮሉ 15 በመቶ ነው፣ ግን አይከብድም። ኮክ፣ አፕሪኮትና የአበባ ሽታ አለው።

የአካባቢው ሰው ይህን ወይን እስከ ምግብ መጨረሻ አያስቀምጠውም። ቀዝቃዛ አድርጎ ከምግብ በፊት ይጠጣዋል። ጥንታዊው ጥምረት ከዚያው አካባቢ ከሚመጣው የካቫዮን ሜሎን ጋር ነው። ሜሎኑን ለሁለት ከፍሎ፣ ፍሬውን አውጥቶ፣ ወይኑን መሀሉ ላይ የሚያፈስም አለ። እኔ ግን ለየብቻ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ። ሜሎኑ ውስጥ የገባ ወይን ሽታው ይቀንሳል፣ ሜሎኑም ይላሽቃል።

ከምግብ በኋላ ከሆነ ፍራፍሬ ይቅደም። የኮክ ታርት፣ የአፕሪኮት ታርት፣ እንጆሪ በትንሽ ክሬም። የበሰለ ማንጎም እጅግ ይስማማዋል። ማንጎው ራሱ የኮክ ዓይነት ሽታ ስላለው ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ሎሚ በጣም የበዛበት ታርት ግን ይከብደዋል፤ ወይኑ ለስላሳ ስለሆነ የሎሚው ኮምጣጤነት ይውጠዋል።

ጣፋጭ ካልወደዳችሁ አይብ አለ። ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ፣ ለምሳሌ ሮክፎር፣ ከዚህ ወይን ጋር ሲገናኝ ጨውና ስኳር ይመጣጠናሉ። መጀመሪያ ስትሰሙት እንግዳ ነገር ይመስላል። አንድ ትንሽ ቁራሽ አይብ፣ ከዚያ አንድ ጉንጭ ወይን፤ ከዚህ የተሻለ ማሳመኛ የለም።

ጎረቤቶቹን ባጭሩ ላንሳ። ሙስካት ደ ፍሮንቲኛን በሜዲትራኒያን ዳርቻ ይመረታል። ከፈረንሳይ ሙስካቶች ቀድሞ በ1936 እ.ኤ.አ. ሕጋዊ ደረጃ ያገኘው እሱ ነው። ዝናው ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቶማስ ጄፈርሰን በ1787 እ.ኤ.አ. እዚያው ድረስ ሄደዋል። ጠርሙሱ የተጠማዘዘ ነው፤ የአካባቢው አፈ ታሪክ ሄርኩለስ የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት ጨምቆት ነው ይላል። ወይኑ ከቦም ደ ቨኒዝ ይከብዳል፣ ማርና ዘቢብ ይበዛበታል። ከአልሞንድ ኬክ ጋር አቅርቡት።

ሙስካት ደ ሴንት ዣን ደ ሚኔርቯ ደግሞ ከባሕር ራቅ ብሎ፣ ነጭ የኖራ ድንጋይ በሞላበት ከፍ ያለ ቦታ ይበቅላል። ከዚህ ቡድን በጣም ትኩስ የሚሰማው እሱ ነው። የሎሚና የመንደሪን ነገር አለው። ጣፋጭ ወይን ይከብደኛል ለሚል ሰው ከዚህ አስጀምሩት። ሎሚ ያለበትን ታርትም ከሁሉም የተሻለ የሚቋቋመው ይኸው ነው።

ሙስካት ደ ሪቭሳልት ከስፔን ድንበር አጠገብ ካለው ከሩሲዮን ይመጣል። ደረጃውን ያገኘው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም የሙስካት ዘሮች ስለሚገቡበት ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ጣዕም አለው። ብዙ ስለሚመረት በቀላሉ ይገኛል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከቦም ደ ቨኒዝ ይቀንሳል። በእንቁላልና በወተት ለሚሠራ ክሬም ጥሩ ነው። አካባቢው ካታላን ስለሆነ ላዩ ላይ ስኳር የተቃጠለበት ክሬማ ካታላና የቤቱ ምግብ ነው። አዲስ አበባ ኬክ ቤት ውስጥ የምናውቀው ሚሊፎኒም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ክሬሙ በስኳር ብዛት ካልተጨናነቀ።

ወርቃማዎቹ፦ ሳሞስና ሴቱባል

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ለእኛ ሰው ጣዕም የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው ብዬ ስለማምን።

ሳሞስ በኤጂያን ባሕር ላይ፣ ከቱርክ ጫፍ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ያለች የግሪክ ደሴት ናት። ወይኑ የሚተከለው በተራራ ላይ በድንጋይ በተደረደረ እርከን ነው። እርከን ስል ኮንሶን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ አፈሩን በድንጋይ ግድግዳ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ነው። ከፍታው ስለሚለያይ የታችኛው ቀድሞ ይደርሳል፣ የላይኛው ይዘገያል። ደሴቲቱ ላይ በ1934 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን አለ። ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የምታገኙት የእሱን ወይን ነው። በካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ ወይንነት ሲላክ የቆየም ነው።

የሳሞስ ጠርሙሶች ላይ ያለው ስም ያደናግራል፤ ስለዚህ ልለያችሁ። "ሳሞስ ቫን ዱ" አረቄው የተጨመረው ገና ጭማቂ ሳለ፣ መፍላት ሳይጀምር ነው። ስለዚህ የወይኑን ፍሬ እንዳለ የምትቀምሱ ይመስላል። በጣም ጣፋጭ፣ ዋጋውም ቀላል ነው። "ሳሞስ ግራን ክሩ" ከተሻሉ ማሳዎች ይመጣል፤ ጭማቂው ትንሽ ከፈላ በኋላ ነው አረቄው የሚገባው። ረቂቅ ነው። "አንቴሚስ" ለ5 ዓመት ያህል በእንጨት በርሜል ይቆያል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ለውዝና ካራሜል ይመጣል። "ኔክታር" የሚባለው ደግሞ ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ነው። ፍሬው ፀሐይ ላይ ደርቆ ስኳሩ ስለሚከማች አረቄ አይጨመርበትም። በጣም ጥሩ ወይን ነው፤ የእርሾውና የአልኮሉ ታሪክ ግን የተለየ መሆኑን እወቁ።

ከሳሞስ ጋር የሚሄደው ምግብ ግልጽ ነው፤ ባቅላቫ። ነገር ግን የቱ ባቅላቫ ከየትኛው ሳሞስ ጋር? ሽሮፕ የሚንጠባጠብበት ከሆነ ቫን ዱ ወይም አንቴሚስ ይሁን፤ ግራን ክሩ ይሸነፋል። ዋልነትና ቀረፋ የበዛበት፣ ሽሮፑ ልከኛ የሆነ ከሆነ አንቴሚስን የሚያህለው የለም። ፒስታሽዮና ጽጌረዳ ውሃ ያለበት ከሆነ ደግሞ ወደ ግራን ክሩ ተመለሱ። ያ ጌራኒዮል ያልነው ነገር እዚህ ሥራውን ይሠራል።

ከሰሊጥ የሚሠራው ሃልዋም ከሳሞስ ጋር ግሩም ነው። የሰሊጡ መጠነኛ ምሬት የወይኑን ጣፋጭነት ልክ ያስይዘዋል። እንግዶቻችሁ መሀል የጾም የሚበላ ካለም አብዛኛውን ጊዜ ወተትና ቅቤ የለበትም፤ ግሪኮቹም በጾም ይበሉታል። የደረቀ በለስና ቴምር ጨምሩበት። ከዚህ በላይ ማብሰል አያስፈልጋችሁም።

ሴቱባል ከሊዝበን በስተደቡብ ያለ የፖርቱጋል አካባቢ ነው። እዚህ የሚሠራው ከእስክንድርያ ሙስካት ነው። ወይኑን ልዩ የሚያደርገው ልጣጩ ነው። አረቄው ከገባ በኋላ የፍሬው ልጣጭ ለወራት ከወይኑ ጋር ይቀመጣል። ከልጣጩ ሽታና ትንሽ ምሬት ይወጣል። ከዚያ በርሜል ይገባል። ወይኑ ብርቱካናማ ይሆናል፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ የሻይና የማር ሽታ ይይዛል። ከታወቁት ጠማቂዎች አንዱ ዡዜ ማሪያ ዳ ፎንሴካ በ1834 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረተው። "ሞስካቴል ሮሹ" የሚል ካያችሁ ልጣጩ ሮዝ ከሆነና ብዙም ከማይተከል ዘር የተሠራ ነው። ሽታው ይበልጥ ወደ ጽጌረዳ ያደላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ጠጅ የሚወድ ሰው ከዚህ ሁሉ ወይን መጀመሪያ ሴቱባልን ይቅመስ እላለሁ። ምክንያቴ ጌሾ ነው። ጥሩ ጠጅ ማር ብቻ አይደለም፤ ጌሾው ከኋላ በምሬት ያርመዋል። አፋችን ጣፋጭን ከምሬት ጋር መጠጣት ለምዷል። አብዛኛው ሙስካት ይህ ምሬት የለውም፤ ስለዚህ "ይሄማ ሽሮፕ ነው" የሚሉ አሉ። ሴቱባል ግን በልጣጩ ምክንያት ትንሽ መራራ ጫፍ አለው።

ከሴቱባል ጋር ብርቱካን ያለበትን ሁሉ አስቡ። የብርቱካን ኬክ፣ ክሬም ካራሜል፣ የአልሞንድ ታርት። የአካባቢው ሰው የእንቁላል አስኳል ክሬም የተጠቀለለበትን የአዜይታዎን ቶርታ ይበላበታል። በዚያው ስም የሚጠራ ለስላሳ የበግ ወተት አይብም አለ። እሱን ካገኛችሁ ከጣፋጩ አስቀድሙት። ፖርቱጋሎች ይህን ወይን ቀዝቀዝ አድርገው ከምግብ በፊትም ይጠጡታል።

ቡናማው፦ ራዘርግለን

ራዘርግለን በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ፣ ከመሪ ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በወርቅ ፍለጋ ዘመን የተመሠረተች ናት። ፍሬው የትንንሾቹ ሙስካት ቀይ ቡናማ ዓይነት ነው። በልጉ፣ ማለትም የነሱ መከር ወቅት፣ ረጅምና ደረቅ ስለሆነ ፍሬው እዛፉ ላይ እስኪጨማደድ ይተዉታል። ስኳሩ ሲከማች ይለቅሙታል። አረቄው በጊዜ ይገባል። ከዚያ አሮጌ በርሜል ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ሞቃት መጋዘን ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ውሃው በእንጨቱ በኩል እየተነነ ወይኑ ይወፍራል። አዲሱንና አሮጌውን እየቀላቀሉ ነው የሚያዘጋጁት። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ብዙ ጊዜ የመኸር ዓመት አታገኙም።

አምራቾቹ አራት ደረጃ አላቸው። ራዘርግለን የሚለው ዝቅተኛው ነው፤ አማካይ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ክላሲክ ከ6 እስከ 10 ዓመት። ግራንድ ከ11 እስከ 19 ዓመት። ሬር ቢያንስ 20 ዓመት። ካምፕቤልስ፣ ሞሪስ፣ ቻምበርስ ሮዝውድ፣ ስታንተን ኤንድ ኪሊን የታወቁ ስሞች ናቸው።

የትኛውን ደረጃ ልግዛ ካላችሁ፣ ለምግብ ክላሲክ ይበቃል። ይህን በልበ ሙሉነት እላለሁ። የፍሬው ትኩስነት ገና አልጠፋም፣ በርሜሉም ሥራውን ጀምሯል። ግራንድና ሬር ግን ምግብ አይፈልጉም። ወፍራም፣ ጥቁር፣ የቡና፣ የሞላሰስና የዘቢብ ጣዕም ያላቸው ናቸው። አንዲት ጉንጭ አፍ ውስጥ ለደቂቃዎች ትቆያለች። ከጎናቸው ኬክ ማስቀመጥ ለኬኩም ለወይኑም አይጠቅምም። ሬር በጣም ውድ ነው፤ ከገዛችሁት ለብቻው ጠጡት፣ ቢበዛ ከጥቂት ዋልነት ጋር።

ክላሲኩ ከቸኮሌት ኬክ ጋር ይሄዳል። ፈዛዛዎቹ ሙስካቶች ቸኮሌት ሲያገኛቸው ሽታቸው ድምጥማጡ ይጠፋል፤ ይህን አትሞክሩ። የቴምር ኬክ በሞቀ የካራሜል ሶስ፣ በደረቅ ፍራፍሬ የተሞላ የገና ኬክ፣ የፒካን ፓይ፣ እነዚህ ሁሉ የሱ ናቸው። ቀላሉና እኔ በጣም የምወደው ግን ቫኒላ አይስክሬም ነው። ሁለት ማንኪያ ወይን ላዩ ላይ ታፈሱበታላችሁ፤ አለቀ። እንግዳ ድንገት ቢመጣም የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ከቡና ጋርም ይስማማል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከምግብ በኋላ ጣፋጭ የመብላት ልማዳችን ያን ያህል አይደለም፤ ቡና ግን አይቀርም። ቡናው እየተቆላ ሳለ ትንሽ ክላሲክ በትንሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ አቦሉ። የተቆላው ቡና ሽታና የወይኑ ካራሜል ይገናኛሉ።

አሜሪካ ላላችሁ ሌላ አማራጭ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ማዴራ በሚባል ከተማ ያለው ኳዲ የተባለ ወይን ጠማቂ ሁለት ጣፋጭ ሙስካቶች ይሠራል። ኤሴንሲያ ከኦሬንጅ ሙስካት የሚሠራ ብርቱካናማ ወይን ነው፤ ሴቱባል ባጣችሁ ጊዜ ምትክ ይሆናል። ኤሊሲየም ከጥቁር ሙስካት የሚሠራ ቀይ ነው፤ የቤሪና የጽጌረዳ ሽታ አለው። ቸኮሌቱ ከእንጆሪ ወይም ከራስቤሪ ጋር ከሆነ ከራዘርግለን ይልቅ ኤሊሲየምን እመርጣለሁ። የደቡብ አፍሪካ ሙስካዴሎችም አሉ። ሮበርትሰን አካባቢ የሚሠሩት ጣፋጭና ወፍራም ናቸው፣ ዋጋቸውም አይጎዳም።

በርበሬ ያለበት ማዕድ ላይስ?

ይህን ጥያቄ ሐበሻ ሁሉ ይጠይቃል። ጣፋጭ ነገር በርበሬን ያበርዳል፤ ትክክል ነው። ግን እነዚህ ወይኖች ከ15 እስከ 18 በመቶ አልኮል አላቸው፤ አልኮል ደግሞ የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል። ስለዚህ ከዶሮ ወጥ ወይም ከቀይ ወጥ ጋር አላቀርባቸውም። ለዚያ ማዕድ አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ ወይን ወይም ጠጁ ራሱ ይሻላል።

ከማዕዱ ዳር ግን ቦታ አላቸው። ትኩስ አይብ ላይ ማር ጠብ አድርጋችሁ ከፈዛዛ ሙስካት ጋር ሞክሩት። ዘቢብ የገባበት ለስላሳ ድፎ ዳቦ ከሳሞስ ቫን ዱ ጋር ይሄዳል። እንግዶች ተሰብስበው ምግቡ እስኪቀርብ በጨው የተቆላ ለውዝና ቀዝቃዛ ሴቱባል ማቅረብም ይቻላል።

ጠርሙሱ ላይ እንዳትሳሳቱ

ሙስካት የሚል ሁሉ እንዲህ ዓይነት ወይን አይደለም። ሞስካቶ ዳስቲ የጣልያን ነው፤ ጣፋጭና አረፋማ ሲሆን አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። አረቄ የለበትም። የአልዛስ ሙስካት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሙስካዴ የሚባለው የሎዋር ነጭ ወይን ደግሞ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ከሙስካት ዘር አይደለም፤ ደረቅ ነው፣ ለዓሣ ነው የሚሆነው። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ቫን ደ ኮንስታንስ ከሙስካት የተሠራ ድንቅ ጣፋጭ ወይን ነው፤ ግን አረቄ አይጨመርበትም።

መለያው ቀላል ነው። የአልኮሉን ቁጥር እዩ። 15 ወይም ከዚያ በላይ ካለ አረቄ የተጨመረበት የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ጠርሙሱም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ 375 ወይም 500 ሚሊ ሊትር። ይህ ጉድለት አይደለም። ለስድስት ሰው አንድ ትንሽ ጠርሙስ ይበቃል።

አቀራረብና አቀማመጥ

ፈዛዛዎቹን በደንብ አቀዝቅዙ፤ 8 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ሴቱባልና አንቴሚስ 12 ዲግሪ ቢሆኑ ይሻላል። ራዘርግለን ክላሲክ ከ14 እስከ 16። በጣም ከቀዘቀዘ ያ ሁሉ የበርሜል ሽታ ተደብቆ ይቀራል። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁት።

ብርጭቆው ትንሽ ይሁን፣ አፉ ግን ወደ ውስጥ ጠበብ ያለ። የአረቄ መለኪያ አትጠቀሙ፤ ሽታው የሚሰበሰብበት ቦታ የለውም። 60 ወይም 75 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሰው በቂ ነው። 75 ሚሊ ሊትር ቦም ደ ቨኒዝ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። ከግራንድ ወይም ከሬር ይህንኑ ያህል ከቀዳችሁ ግን ስድስት ማንኪያ ሊደርስ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት እንግዳ ካለ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። ጣፋጭነቱ አልኮሉን ስለሚሸፍነው የሚነዳ ሰውም ይጠንቀቅ።

ከተከፈተ በኋላ ፈዛዛው ፍሪጅ ውስጥ ክዳኑ ተገጥሞ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በኋላ አይበላሽም፣ ግን የአበባው ሽታ ይሄዳል። ያልተከፈተውንም ለዓመታት አታስቀምጡት። የተሠራው በወጣትነቱ እንዲጠጣ ነው። ሴቱባል ለጥቂት ሳምንታት ይቋቋማል። ራዘርግለን ከአየር ጋር ስላረጀ አንድ ወር ቢቆይም ግድ የለውም።

ለአንድ ግብዣ አንድ ጠርሙስ ብቻ የምትገዙ ከሆነና እንግዳው ምን እንደሚወድ ካላወቃችሁ ሴቱባል ውሰዱ። ፍራፍሬም፣ ክሬምም፣ ለውዝም፣ አይብም ይችላል። ቸኮሌት ኬክ እንደሚመጣ ካወቃችሁ ክላሲኩን። ሞቃት ቀን ከሆነና ጠረጴዛው ላይ ማንጎና ሜሎን ብቻ ካለ ቦም ደ ቨኒዝን፤ ካጣችሁት ሪቭሳልትን። ሁለት የምትገዙ ከሆነ አንዱን ፈዛዛ አንዱን ቡናማ አድርጉ፤ ፈዛዛውን ከምግብ በፊት ክፈቱ፣ ቡናማውን ለቡናው ሰዓት አቆዩት።